ያገለገለ የእንጨት በር ለነባር ፍሬም ማስገባትና በማጠፊያ መስቀል

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ከፈረሰ ቤት የወጡ ሦስት የቆዩ የውስጥ በሮች አግኝቻለሁ። ድፍን እንጨት ናቸው፤ ውፍረታቸው 4 ሳ.ሜ.፣ ስፋታቸው 81.5፣ ቁመታቸው 203። የቤቴ ፍሬም ውስጡ ሲለካ ከላይ 80.6፣ ከመሃል 80.4፣ ከታች 80.2 ሲሆን ቁመቱ 201 ነው። አናጢው "ከታች ቆርጠን፣ ጎኑን ልገን፣ በድሮው ማጠፊያ ቦታ እንሰቅለዋለን" አለኝ። የድሮው ብሎን ቀዳዳዎች ግን ሰፍተዋል። ራሴ ልሠራው ብፈልግ ከየት ልጀምር?»

አናጢው ከታች ስለመቁረጥና ጎኑን ስለመላግ ያለው ትክክል ነው። በድሮው ማጠፊያ ቦታ መስቀሉን ግን ይተዉት፤ ምክንያቱን ታች እደርስበታለሁ። ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፦ በሩ ሊደከምበት የሚገባ መሆኑን ማረጋገጥ። አንድ ጊዜ ለእርስዎ ፍሬም ከተቆረጠ በኋላ ጠማማ ሆኖ ቢገኝ ለሌላ ቦታም አይሆንም።

በሮቹን የሚሰቀሉበት ቤት ውስጥ አስገብተው ሁለት ሳምንት ያህል ያቆዩ። ግድግዳ ላይ አያስደግፏቸው፤ ይጎብጣሉ። ወለል ላይ አጋድመው በመሃል በመሃላቸው እኩል ውፍረት ያላቸው የእንጨት ቁራጮች ይስጡ፣ አየር ከላይም ከታችም ያግኛቸው። እንጨት በቃጫው ርዝመት አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ነው። 11 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው የበር ቋሚ (በጎኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው እንጨት) እርጥበቱ በ4 በመቶ ሲለወጥ 1 ሚ.ሜ. ገደማ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ሁለት ቋሚ አለ፤ ስለዚህ ልዩነቱ 2 ሚ.ሜ. ይደርሳል። ይህ በአንድ ጎን የምንተወው ክፍተት ያህል ነው። ክፍት ግቢ ከርሞ ዛሬ በትክክል ተልጎ የተሰቀለ በር ከወር በኋላ የሚላላው ወይም የሚነክሰው በዚህ ነው።

በሩ ቀለም የተቀባ ከሆነ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ እንደሚችል አስበው ይሥሩ። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት፣ በእሳትም አያቃጥሉት፤ አቧራውም ጭሱም መርዝ ነው። በውኃ እያራሱ ወይም በቀለም ማስለቀቂያ እያለሰለሱ ይፋቁ፣ ለአቧራ የሚሆን ጥሩ ጭንብል ያድርጉ፣ ፍቅፋቂውን እርጥብ እንዳለ ሰብስበው በላስቲክ ያስሩ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት በአካባቢው አይኑሩ። በሩን ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ማስለቀቅ ፈጣን ነው፣ ግን አልመክረውም። የቆዩ በሮች መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በተሠራ ኮላ የተያያዘ ስለሆነ ከቀለሙ ጋር እሱም ይሟሟል።

ቀጥሎ ሚስማር ፍለጋ ነው። ጠንካራ ማግኔት በጠርዞቹ ሁሉ ላይ ቀስ ብለው ያስኪዱ። በቀለም የተሸፈነች አንዲት ጭንቅላት የሌላት ሚስማር የመላጊያ ምላጭም የመጋዝ ጥርስም ትጨርሳለች።

መጋጠሚያዎቹን ለማየት በሩን በጎኑ አቁመው የላይኛውን ማዕዘን ይግፉ። ቋሚውና አግዳሚው በሚገናኙበት ስንጥቁ ሲከፈትና ሲዘጋ ካዩ መጋጠሚያው ኮላውን ለቋል። ይህን በብሎን ወይም በብረት ማዕዘን ማሰር ለጊዜው ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። መጋጠሚያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ያላቁ፣ የድሮውን ኮላ በሙቅ ውኃና በቢላዋ ያጽዱ፣ አዲስ የእንጨት ኮላ ቀብተው ማጥበቂያ ይሰሩበት። ኮላው ከመድረቁ በፊት ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ከማዕዘን ማዕዘን ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ በሩ ተንጋዷልና ማጥበቂያውን ትንሽ ሰያፍ አድርገው ይመልሱት። አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ይደር። የመሃል ሙሊቶቹን (በቋሚዎቹና በአግዳሚዎቹ መካከል የገቡትን ስስ ሰሌዳዎች) ግን ኮላ አያስነኩ። በተቦረቦረላቸው ቦይ ውስጥ እንዲንቀሳቀሱ ነው የተሠሩት፤ ከተጣበቁ በደረቅ ወቅት መሃል ለመሃል ይሰነጠቃሉ።

አሁን ወደ ጠማማነቱ። በሩን በሁለት ደልዳላ መቆሚያዎች ላይ ያጋድሙና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ቀጭን ሲባጎዎች እንደ ኤክስ ወጥረው ያስሩ። መሃል ላይ እንዲያው ከተነካኩ ያላለቀ ነገር አለ፦ የታችኛው ሲባጎ የላይኛውን እየገፋ ሊሆን ስለሚችል ቦታቸውን ቀይረው፣ ከታች የነበረውን ከላይ አድርገው ይድገሙት። በሁለቱም ጊዜ ሳይገፋፉ እንዲያው ከተነካኩ በሩ ቀጥ ያለ ነው። በአንዱ አሰራር መሃላቸው ክፍተት ካዩ ክፍተቱን ይለኩና በሁለት ያባዙት፤ የበሩ ጠማማነት እሱ ነው። 3 ሚ.ሜ. ክፍተት ማለት አንዱ ማዕዘን 6 ሚ.ሜ. ተነስቷል ማለት ነው። እስከ 6 ሚ.ሜ. ድረስ በማጠፊያ አቀማመጥ ይታረማል፤ ከ10 ካለፈ ያንን በር ለሌላ ሥራ፣ ለጠረጴዛ ወይም ለመደርደሪያ ያውሉት። ሦስት በር ስላለዎት ሦስቱንም ለክተው በጣም ቀጥ ያለውን ብዙ ለሚከፈተው ክፍል ይስጡ።

ፍሬሙም ይመርመር። ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ክር) ከጉበኑ አንጠልጥለው የትኛው መቃን እንዳዘነበለ ይዩ፤ የእርስዎ ፍሬም ከላይ እስከ ታች 4 ሚ.ሜ. ስለሚጠብ አንዱ ወይም ሁለቱም አዘንብለዋል። ጉበኑንም በስኳድራና በውኃ ልክ ይፈትሹ። ማጠፊያው የሚሆንበት መቃን ቱምቢውን ተከትሎ ቀጥ ያለው ቢሆን ይመረጣል። መቃኑን በእጅ ሲመቱት የሚንቀጠቀጥ ወይም ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ በሩን ከመስቀልዎ በፊት ከግድግዳው ጋር በረጅም ብሎንና በፊሸር እንደገና ይሰር። 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን በር የላላ መቃን ይዞ ይመጣል።

ልኩን አሁን ማውጣት ይቻላል። በማጠፊያ በኩል 2 ሚ.ሜ.፣ በቁልፍ በኩል 3፣ ከላይ 3፣ ከታች ለሴራሚክ ወይም ለጣውላ ወለል 8 ሚ.ሜ. ይተዉ። ምንጣፍ የሚነጠፍ ከሆነ ምንጣፉን አንጥፈው ከእሱ በላይ ይለኩ፤ በሩ ሲከፈት የሚጠርገውን ቦታ ሁሉም ይለኩ እንጂ ደፉን ብቻ አይደለም፤ ወለል ወደ ክፍሉ ውስጥ ከፍ እያለ መሄዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የበሩ ስፋት ከላይ 80.1፣ ከታች 79.7፣ ቁመቱ 199.9 ይሆናል ማለት ነው። ከላይ 14 ሚ.ሜ.፣ ከታች 18 ሚ.ሜ. ከስፋቱ ይወጣል፣ ከቁመቱ ደግሞ 31 ሚ.ሜ.።

የስፋቱን ከሁለቱም ጎን ያውጡ፤ አንዱ ቋሚ ቀጥኖ ሌላው ሰፍቶ ከቀረ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። የማጠፊያው መቃን ቀጥ ያለው ከሆነ ከማጠፊያ በኩል 7 ሚ.ሜ. ከላይ እስከ ታች እኩል ይላጉ፤ ከቁልፍ በኩል ከላይ 7፣ ከታች 11 ሚ.ሜ. እየሰፋ የሚሄድ መስመር አውጥተው ይላጉ። ጠባብነቱ ሁሉ በቁልፍ በኩል ይከፈል፤ የማጠፊያው ጎን ቀጥ ብሎ መቅረት አለበት። እዚህ ላይ ሳያስቡት የሚያገኙት ጥቅም አለ፦ የድሮው ማጠፊያ መቀመጫ (ክንፉ እንዲገባበት የተቦረቦረው ቦታ) ጥልቀቱ 3 ሚ.ሜ. አካባቢ ስለሆነ 7 ሚ.ሜ. ሲላግ ጨርሶ ይጠፋል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብቻ ይቀራሉ።

የቁመቱን 31 ሚ.ሜ. ግን ከታች ብቻ ይቁረጡ። የታችኛው አግዳሚ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው በእጥፍ ይሰፋል፤ ሲቆረጥ መልኩ አይጎዳም። ከመቁረጥዎ በፊት የቋሚውን ውጫዊ ጠርዝ ይመልከቱ። የአግዳሚው ምላስ (ቋሚው ውስጥ የሚገባው ቀጭን ጫፉ) ቋሚውን በስቶ የወጣ ከሆነ ጫፉና ሽብልቆቹ እዚያ ይታያሉ፤ ከበሩ ግርጌ ስንት ሳ.ሜ. ላይ እንደሚጀምር ይለኩ። ከመቁረጫዎ መስመር በላይ ከሆነ ምንም ችግር የለም። ምላሱን ራሱን የሚነካ ከሆነ ግን የነካውን ያህል መጋጠሚያው ይዳከማል፤ አንድ ሦስተኛውን ከመብላት አይለፉ። በተቃራኒው አንዱ በር ካጠረ ከታች ተመሳሳይ እንጨት በኮላና በብሎን ይቀጠላል፤ ከ1 ሳ.ሜ. የሳሳ ቅጥያ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል።

የመቁረጫውን መስመር በእርሳስ ሳይሆን በስለታም ቢላዋ፣ በበሩ ዙሪያ ሁሉ ያውጡት። ቢላዋው ቃጫውን ቀድሞ ስለሚበጥሰው መጋዙ ከቋሚዎቹ ላይ ስንጥር አይነቅልም። ለክብ መጋዝ ቀጥ ያለ ጣውላ መምሪያ ይሰሩለት። የላይና የታችን ጠርዝ በመላጊያ ሲያስተካክሉ ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሃል ይላጉ። ከጫፍ ወደ ውጭ የሄደ መላጊያ የቋሚውን ዳር ይገነጥላል።

የቁልፉ ጎን ጠርዝ ቀጥ ያለ መሆን የለበትም። 80 ሳ.ሜ. የሰፋና 4 ሳ.ሜ. የወፈረ በር ሲዞር ከፍሬሙ ወደ ውስጥ ያለው የራቀ ማዕዘኑ የሚስለው ክብ ከበሩ ስፋት በ1 ሚ.ሜ. ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ፍሬሙ የሚገባው ጠርዝ ከሌላው በ2 ሚ.ሜ. ያህል ዝቅ እንዲል ሰያፍ አድርገው ይላጉት። ይህን የዘለለ ሰው ክፍተቱን 5 ሚ.ሜ. አድርጎ ለማካካስ ይገደዳል፣ ብርሃንም ይገባል። በሩ በጠበበ መጠን ሰያፉ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አሁን ማጠፊያ። በሩን አቅፈው የሰው ሚዛን ላይ ይውጡና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። 32 ኪሎ መዘነ እንበል። የበሩ ክብደት መሃል ከማጠፊያው 40 ሳ.ሜ. ይርቃል። የላይኛውና የታችኛው ማጠፊያ ርቀት 153 ሳ.ሜ. ከሆነ የላይኛውን ማጠፊያ ከመቃኑ ወደ ውጭ የሚነቅለው ኃይል 32 ሲባዛ በ40፣ ሲካፈል ለ153፣ ወደ 8.4 ኪሎ ነው። ማጠፊያዎቹን ወደ መሃል አቀራርበው ርቀቱን 120 ቢያደርጉት 10.7 ኪሎ ይሆናል። በሩን የሚሸከመው ይህ ርቀት ነው፤ ሦስተኛው ማጠፊያ ብዙም አይቀንስለትም። ሦስተኛውን የምንጨምረው በዋናነት የቆየ ቋሚ እንዳይጎብጥ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ በር ቦታው ልክ መሃል ነው። 100 ሚ.ሜ. ርዝመት ያላቸው፣ ክንፋቸው 2.5 ወይም 3 ሚ.ሜ. የሚወፍር ሦስት የብረት ማጠፊያዎች ይበቃሉ። የድሮዎቹን መጠቀም ከፈለጉ ሁለቱን ክንፎች ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንም ይነቅንቋቸው፤ አንጓው (ክንፎቹ የሚዞሩበት ክብ ክፍል) የሚጫወት ከሆነ ፒኑ ተበልቷል፣ ይጣሉት።

የላይኛው ማጠፊያ የላይ ጫፉ ከበሩ አናት 15 ሳ.ሜ.፣ የታችኛው የታች ጫፉ ከበሩ ግርጌ 22 ሳ.ሜ. ይሁን። ይህ ልክ ከድሮው ቀዳዳ ጋር ከገጠመ 4 ወይም 5 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያሽሹት። ቅድም በድሮው ቦታ አይስቀሉ ያልኩት ለዚህ ነው። የሰፋ ቀዳዳን ክብ የእንጨት ውታፍ በኮላ አስገብቶ መድፈን ይቻላል፣ ግን የውታፉ ቃጫ ከብሎኑ ጋር አንድ አቅጣጫ ስለሚይዝ ጥርሱ የሚቆነጥጠው ነገር አያገኝም። በክብሪት እንጨትና በኮላ የተሞላ ቀዳዳም እንደዚሁ ነው። የቋሚው ጠርዝ ቃጫ ግን ብሎኑን ያቋርጣል፤ የሚይዘውም ስለዚህ ነው። ስለዚህ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ለመልክና ውኃ እንዳይገባ ብቻ ይድፈኗቸው፣ አዲሱ ብሎን ያልተነካ እንጨት ያግኝ። በፍሬሙ ላይ ያሉትን የድሮ መቀመጫዎች ግን ቃጫው በመቃኑ ርዝመት በሄደ ቀጭን ልጣፊ እንጨት በኮላ ሞልተው እኩል ይላጉ።

መቀመጫውን መቦርቦር ጊዜ ወስዶ በእርጋታ የሚሠራ ነው። ማጠፊያውን በጠርዙ ላይ አስቀምጠው፣ አንጓው ከበሩ ፊት ውጭ እንዲሆን አድርገው ዙሪያውን በቢላዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳሉ። እርሳስ አይጠቀሙ፤ የእርሳስ መስመር ግማሽ ሚ.ሜ. ይወፍራል፣ መሮው የሚያርፍበት ጠርዝም አይሰጥም። የክንፉን ውፍረት በበሩ ፊት ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ መሮውን ቀጥ አድርገው ከመስመሩ 1 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ ገብተው በየ5 ሚ.ሜ. ርቀት ይምቱ፤ ጥልቀቱ ከምልክቱ ትንሽ ያነሰ ይሁን። ቀጥሎ ከበሩ ፊት በኩል መሮውን አጋድመው የተቆራረጠውን ይግፈፉ። በመጨረሻ የቢላዋውን መስመር ተደግፈው ያን 1 ሚ.ሜ. ያንሱ፣ ወለሉንም በስለቱ ጠፍጣፋ ፊት ያስተካክሉ። ክንፉ ገብቶ በጣት ሲዳሰስ ከእንጨቱ ጋር እኩል ከሆነ ጨርሰዋል። በክንፉ ሌላ ጠርዝና በበሩ ፊት መካከል ቢያንስ 5 ሚ.ሜ. እንጨት ይቅር፤ ከዚያ ካነሰ ብሎኑ ይሰነጥቀዋል።

ምልክቱን ወደ መቃኑ ለማስተላለፍ ሜትር አያስፈልግም። በሩን ፍሬሙ ውስጥ ያቁሙ፣ ከታች በሽብልቅ ከፍ አድርገው ከጉበኑ በ3 ሚ.ሜ. ያርቁት፣ ከማጠፊያ በኩል 2 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ካርቶን ያስገቡ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን መቀመጫ ላይና ታች በቢላዋ መቃኑ ላይ ይጫሩ። በሩ ሲዘጋ የሚያርፍበት የፍሬም ጠርዝና የበሩ ፊት እንዳይፋተጉ 2 ሚ.ሜ. ይቅር፤ ቀለም ሲጨመር ያ ቦታ ይሞላል።

ለብሎን በቅድሚያ መብሳት ግዴታ ነው። ለ4.5 ሚ.ሜ. ብሎን በጠንካራ እንጨት 3 ሚ.ሜ. ይብሱ፤ ክሩን ሳሙና ወይም ሰም ያስነኩት። የናስ ብሎን ከሆነ መጀመሪያ ተመሳሳይ ልክ ያለው የብረት ብሎን አስገብተው ያውጡና ከዚያ ናሱን ያስገቡ፤ ናስ በጠንካራ እንጨት ውስጥ አንገቱ ይቆረጣል። ርዝመቱ 40 ሚ.ሜ. ይሁን። በላይኛው ማጠፊያ የመቃን ክንፍ ላይ ግን አንዱን ብሎን 75 ሚ.ሜ. አድርገው ግድግዳው ድረስ ያስገቡት። በድሪል አስጀምረው የመጨረሻውን ዙር በእጅ ካቻቢቴ ያጥብቁ። ጭንቅላቱ ከክንፉ በላይ ከቀረ ሌላው ክንፍ ላይ ያርፍና በሩን ይገፋል።

ሲሰቅሉ ሰው ይያዝልዎ። ለእያንዳንዱ ማጠፊያ አንድ አንድ ብሎን ብቻ አስገብተው ይዝጉና ይክፈቱ፤ ከዚያ ችግሩ ራሱ የት እንዳለ ይነግርዎታል። ሊዘጋ ሲል እንደ ስፕሪንግ ከተመለሰ መቀመጫው ከሚገባው በላይ ጠልቋል፤ ከክንፉ ሥር ቀጭን ካርቶን ያስገቡ። በቁልፍ በኩል ያለው የላይኛው ማዕዘን መቃኑን ከነካ የላይኛውን መቀመጫ በመቃኑ ላይ ትንሽ ያጥልቁት። የቁልፉ ጎን ወለሉን ከጠረገ መጀመሪያ የላይኛው ማጠፊያ አለመላላቱን ይዩ፣ ካልላላ በታችኛው ሥር ካርቶን ይስጡ። 1 ሚ.ሜ. ካርቶን የቁልፉን ማዕዘን የሚያነሳው ግማሽ ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ ከዚህ ብዙ አይጠብቁ። የሚንጫረር ከሆነ ሦስቱ አንጓዎች በአንድ ቀጥ መስመር አልዋሉም፤ ዘይት ለሳምንት ያህል ድምፁን ያጠፋዋል፣ ብሎኖቹ ግን መላላታቸውን ይቀጥላሉ። መሃል ላይ ሲተዉት ራሱ የሚሄድ በር የማጠፊያ መስመሩ ቱምቢውን አልተከተለም ማለት ነው።

ጠማማውን በር የሚያርሙትም አሁን ነው። ሲዘጋ የቁልፉ ጎን ከላይ ገብቶ ከታች 6 ሚ.ሜ. ወደ እርስዎ ቢወጣ፣ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ማጠፊያ፣ ማለትም የላይኛውን፣ መቃኑ ላይ 3 ሚ.ሜ. ወደዚያው ወደ እርስዎ ያውጡት፤ የመሃሉንም በግማሹ። የቁልፉ ጎን ልዩነት ወደ 3 ሚ.ሜ. ይወርዳል። ቀሪውን በሩ የሚያርፍበትን ጠርዝ በማንቀሳቀስ ይሸፍኑት። ከላይ ወጥቶ ከታች የገባ ከሆነ የሚወጣው የታችኛው ማጠፊያ ነው።

ቁልፉን በመጨረሻ ይግጠሙ። ውስጥ ገብ የሆነ የቁልፍ ቤት ሲቦረቡሩ ከመሃል አግዳሚው መጋጠሚያ ይራቁ፤ እዚያ ከገቡ ምላሱን ቆርጠው በሩን መሃል ለመሃል ያዳክማሉ። የድሮው ቀዳዳ እዚያው ከሆነ በእንጨት ሞልተው አዲሱን ከመጋጠሚያው በላይ ወይም በታች ያድርጉት። በመቃኑ ላይ የሚቀበለውን ቆርቆሮ ቦታ ለማግኘት የቁልፉን ምላስ ጫፍ በእርሳስ አጥቁረው በሩን ገፋ ያድርጉ፤ ምልክቱን ራሱ ያትማል።

ከዚያ በሩን ያውርዱና ቀለም ወይም ቫርኒሽ ስድስቱንም ፊት ያስነኩ፦ አናቱን፣ ግርጌውን፣ የማጠፊያ መቀመጫዎቹንም። ግርጌው ሳይቀባ የቀረ የመታጠቢያ ቤት በር እርጥበትን ከታች ይጠጣና በጥቂት ወራት ጠማማ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ልኬት ይበላሻል። ከሦስቱ አንዱን ወደ ጋራ ደረጃ ወይም ወደ መኪና ማቆሚያ ለሚያወጣ መተላለፊያ አስበውት ከሆነ ይተዉት፤ ስስ ሙሊት ያለው የቆየ በር እሳት የሚያዘገይ በር ቦታ አይተካም። ብሎኖቹን ከተሰቀለ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያም አየሩ ከደረቅ ወደ እርጥብ ሲለወጥ አንድ ጊዜ በእጅ ያጥብቋቸው፤ ከላይኛው ማጠፊያ ይጀምሩ።